ዲግሪ በውክልና

ሆሳዕና ውስጥ ዓለም አቀፍ ግንኙነት አስተምራለሁ። ባለፈው ሰኔ አንድ ሽማግሌ ከዱራሜ ተነስተው ቢሮዬ መጡና ማህተም ያረፈበት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። ልጃቸው የሰጠቻቸው ውክልና ነበር።

ልጅቷን አስታወስኳት። ኮርሶቿን ጨርሳለች፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፋለች። ለዲግሪው የቀራት ፈታኞች ፊት ቀርባ የመመረቂያ ጽሑፏን ዲፌንድ ማድረግ ብቻ ነበር።

"እሷስ የት አለች?" አልኳቸው።

"በደቡብ አፍሪካ መንገድ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ፣ በዚያው መንገድ ሄደች። ከሞያሌ ደወለች፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ የለም።"

"አባባ፣ ይሄ እኮ በውክልና አይሆንም።"

"በውክልና መሬት ይሸጣል። የጎረቤቴ ልጅ አግብታበታለች። ዲግሪ ብቻ ምን ከበደው? ጽሑፉን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ጠይቀኝ መምህር።"

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ተማሪ ቆመዋል። ቶሎ ልሸኛቸው ብዬ ለማንም ተማሪ የማይቀረውን ጥያቄ አነሳሁ።

"የጥናቱ ውስንነት ምንድን ነው?"

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጣሪያውን እያዩ አነበነቡ።

"ልጆቻቸው በመንገድ የጠፉባቸው ስድስት ቤተሰቦች ተጠይቀው አምስቱ መልስ ሰጥተዋል። አንድ አባት ግን ስለ ልጁ ለመናገር ፈቃደኛ አልሆነም።"

ጽሑፉን ገልጬ አየሁት፤ ቃል በቃል ነው። "ትክክል ነው" አልኳቸው።

"ያ አባት እኔ ነኝ" አሉኝ። "ጻፍ መምህር፤ አሁን እናገራለሁ።"