የደብሩ አርጃኖ

አባቴ ሲዋሹ የሰማቸው ሰው የለም። እኔን እንዴት እንደወለዱ እንጃ።

ከዘንዘልማ ወዲያ ጣና ዳር ባለች ደብር በቅስና ያገለግላሉ። እኔ ባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ ውስጥ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝ፤ ጠርሙስ አጥባለሁ፣ መድኃኒት እበጠብጣለሁ፣ የሞተ እንስሳ ፎርማሊን ውስጥ እነክራለሁ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በደብሩ ደን ውስጥ ከእኔ ቁመት የሚረዝም አርጃኖ፣ ያን ግዙፍ የውኃ ዳር እንሽላሊት፣ አይቼ በስልኬ ቀረጽሁት። ለአባቴ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ዘሩን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ሰኞ ለክፍላችን ዶክተር አሳየሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ዶክተሩ ቪዲዮውን ደጋግሞ አየ። የአንገቱ ቢጫ መስመር፣ የጅራቱ ውፍረት፣ የጭንቅላቱ ቅርጽ ከየትኛውም መጽሐፍ ጋር አልገጠመም።

"ይኼ ዝርያ እስከዛሬ አልተመዘገበም" አለ። "ግን በቪዲዮ ብቻ ማንም አያምነንም። አንዱን ይዘን ማስቀመጥ አለብን።"

ማስቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የደብሩ ሕግ ግልጽ ነው፤ ቅጥሩ ውስጥ የገባ፣ ሰውም ይሁን አውሬ፣ አይነካም። ስለዚህ አባቴን ለመንኋቸው።

"ከደጀ ሰላሙ ውጭ ከሆነስ፣ አባባ? የኮሌጁ ሰዎች ለክተው ይለቁታል።"

"ይለቁታል?"

"ይለቁታል።"

"አንቺ ካልሽ ይሁን።"

በማግሥቱ የአምባዛ አንጀት በፌስታል ይዤ ሄድሁ። አርጃኖው ከሚያድርበት ትልቅ ዋርካ ሥር እስከ ደብሩ በር፣ ከበሩ እስከ ወጥመዱ ቁራጭ በቁራጭ ጣልሁ። ዶክተሩና ሁለት ባልደረቦቹ ከግንቡ ውጭ አድፍጠዋል። አባቴ በሩ አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አርጃኖው ከዋርካው ሥር ወጣ። ምላሱን ብልጭ እያደረገ ያሸታል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይራመዳል። በሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ተመለስ፣ ተመለስ አልሁት በልቤ፤ እጄ ግን ሌላ ቁራጭ ወረወረ። ከበሩ ወጣ። ገመዱ ጠበቀ፣ ጅራቱ መሬቱን ገረፈው፣ አቧራው ተነሣ። የሚገድለውን መርፌ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። አባቴ መርፌውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ውስጥ ገቡ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሆዱ ሲከፈት እንቁላል ተገኘ። ሴት ነበረች። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሰላምታዬን ይመልሳሉ እንጂ ቀና ብለው አያዩኝም።

ከወር በኋላ ዶክተሩ ተመልሶ መጣ። አሁን ደግሞ ወንዱን ፈልጎ ነው፤ ከሌለ በአንዷ ብቻ ሥራውን ይዘጋል። ያን ዕለት ጧት እኔና አባቴ ሌላ አርጃኖ ዋርካው ሥር ፀሐይ ሲሞቅ አይተናል።

"አባታችን፣ ሌላ አለ?" አላቸው ዶክተሩ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ እንደቆምን።

አባቴ እንደማይዋሹ አውቃለሁ፤ አለ ካሉ ደግሞ አለቀለት። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ልጄን ጠይቋት" አሉ በመጨረሻ።

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። "አይተሻል?"

"አላየሁም። እሷ ብቻ ነበረች።"

ትክ ብሎ አየኝ። ከኋላዬ፣ ከዋርካው በኩል፣ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ፈራሁ፤ ግን አልዞርሁም። ዶክተሩ ማስታወሻውን ዘግቶ ወደ መኪናው ሄደ።

መኪናው ከራቀ በኋላ አባቴ ቀና ብለው አዩኝ።

"ነገ ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ። ሁለቱንም ውሸት ንገሪያቸው።"

"እሺ፣ አባባ።"

ሄድሁ። የመጀመሪያውን እያለቀስሁ ተናዘዝሁ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ግን ጸጸት ብፈልግ ከልቤ አጣሁና፣ ሳልናገረው መስቀሉን ተሳልሜ ወጣሁ።