ጠርዙ ያልተዘጋው የድስት ማስቀመጫ

ስምረት ከወይን ጠርሙስ ቡሾቹ አንዱን ወደ አፍንጫዋ ባስጠጋች ቁጥር የኒቆዲሞስ ሸሚዝ ኪስ ይሸታታል። ባሏ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል አስተናጋጅ ሳለ፣ የወይን ጠርሙስ በከፈተ ቁጥር ቡሹን ኪሱ ከትቶ ይመጣ ነበር። «ትንሽ ይጠራቀምና የድስት ማስቀመጫ እሠራልሻለሁ» ይላታል። ምክንያት አለው። የምድር ባቡር አናጢ የነበሩት አባቱ በእጃቸው የሠሩት የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ስምረት ገና ሙሽራ ሳለች የጋለ ድስት አስቀምጣ ክብ ጠባሳ ጥላበታለች። አልተቆጣትም። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ግን ጠባሳውን በመዳፉ ዳበስ ያደርገው ነበር።

ከዚያ ሆቴሉ ሠራተኛ ቀነሰ፤ ኒቆዲሞስም ጅቡቲ ምግብ ቤት ሥራ አግኝቶ በባቡር ሄደ። ቡሾቹ በወተት ጣሳ ቀሩ። ያኔ ገና የማትድኸው ልጃቸው ኖላዊት አሁን ሮጣ የጎረቤት በር ታንኳኳለች፤ አባቷን የምታውቀው ግን በስልክ ነው።

«ለፋሲካ እመጣለሁ» ሲላት ስምረት ጣሳውን አወረደች። ገና ከበር ሲገባ፣ ድስቱ በእሱ ቡሾች ላይ ተቀምጦ ቢያይ፣ ቤቱ እንደጠበቀው ይገባዋል ብላ ነው።

ለገበያ የምትሠራውን የፀጉር ጌጥ የምትለጥፍበትን ሙጫ በሻማ እያቀለጠች ቡሾቹን አጣበቀች። አማረላት። የሩዙን ድስት ከእሳት አውጥታ ስታሳርፍበት ግን ሙጫው መልሶ ቀለጠ፤ ድስቱን ብታነሳው ቡሹ ሁሉ ቂጡ ላይ ተንጠልጥሎ ተነሳ።

ጎረቤቷ አዴ ሃሊሞ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ኖሯል።

«አቦ ስምረት! በሻማ የሚቀልጠውን ከድስት ሥር አደረግሽው?»

«አይሳቁብኝ አዴ፤ ሰውዬው ሊመጣ ነው!»

«ሊመጣ ከሆነማ ወላሂ ጮክ ብዬ ነው የምስቀው።»

አዴ ሃሊሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመሶብ ስፌት ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው። አንዱን ቡሽ ሊያነሱ ጎንበስ አሉና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የወይን ነው አይደል? ቀቅዪው። ሽታው ሲወጣ ነው የምነካው። ሲለሰልስ ደግሞ ወስፌ ይገባዋል።»

ስምረት ውሃ ጣደች። ቡሾቹን ልትጨምር ስትል አንዷን አሸተተቻት። ሽታው ሊወጣ ነው። አንዷን ቡሽ ሳትቀቅል መሳቢያ ውስጥ ደበቀቻትና የቀሩትን ጨመረች።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አዴ ሃሊሞ እያንዳንዱን ቡሽ ወገቡ ላይ በወስፌ ይበሱታል፤ ስምረት ቀጭን ሽቦ እየሰደደች፣ ልክ እንደ ስፌት ከመሀል ጀምራ ዙሪያውን ትጠመጥማለች። የመጨረሻው ዙር ሊገጥም የአንድ ቡሽ ቦታ ሲቀር አዴ ሃሊሞ እጇን ያዟት።

«ይቺን ተያት። ባለቤቴ ዮኒስ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ጅጅጋ ለንግድ ሲሄድ የያዝኩትን ስፌት ጠርዙን አልዘጋም ነበር።»

«ለምን?»

«እንጃ። ሥራው ካለቀ መጠበቁም የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ ይመጣ ነበር?»

«ያረፍዳል። ግን ይመጣ ነበር።»

የፋሲካ ዋዜማ ኒቆዲሞስ ደወለ። ድምፁ ገና ከሰላምታው ያስታውቅ ነበር።

«ስምረትዬ… የሚተካኝ ልጅ ታመመ። የምግብ ቤቱ ባለቤት አልለቅህም አለኝ። ለክረምት ይሆናል።»

ስምረት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«አኮረፍሽ?»

«ድስት ጥጃለሁ፤ እንዳያርርብኝ ነው» ብላ ዘጋችው። ድስት አልጣደችም ነበር። ዓይኗን ጠራርጋ ተነሳችና ሽንኩርት መላጥ ጀመረች፤ ሽንኩርት ላይ ያለቀሰ አይጠየቅም።

በማግስቱ ድስቱን በቡሹ ላይ፣ ቡሹን በጠባሳው ላይ አኖረች። አንዱም አልቀለጠ፣ አንዱም አልተንሸራተተ። ከዚያ ራሷ በቪዲዮ ደውላ ስልኩን ወደ ጠረጴዛው አዞረች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቡሽህ ነው።»

ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠግቶ አየው። «እኔ ልሠራልሽ ነበር እኮ» አለ።

«ትሠራዋለህ። ጠርዙ አልተዘጋም፤ ይኸው ሽቦውም አልተቆረጠም።» መሳቢያውን ከፍታ የደበቀቻትን ቡሽ አወጣች። «ይቺን አንተ ነህ የምትገጥማት።»

ኖላዊት ቡሿን ከእናቷ እጅ ነጠቀች። አሸተተቻት። አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ ደግማ አሸተተችና፣ እሱም እንዲያሸት ስልኩ መስታወት ላይ ለጥፋ ያዘችለት።