ጣልያንኛዬን ያወጣሁበት በጋ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረው ጣልያንኛ መሆኑን የነገረችኝ በሁለተኛው ዓመቷ ነው። በመጀመሪያው ዓመት "ቋንቋ" ብላ ብቻ አለፈችኝ። እኔም እንግሊዝኛ መስሎኝ ለጎረቤቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው እያልኩ አውርቻለሁ። እውነቱን ስሰማ ፈራሁ፤ ለጎረቤቱም ማውራቴን ተውኩ። ያን ጊዜ ጋምቤላ ላይ የጠላትን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው ገና በየቤቱ ነበር። የባለቤቴ አባት ደግሞ አርበኛ ሆነው ጫካ ውስጥ የቀሩ ሰው ናቸው።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ፣ አልደብቅም። ባሮ ሲሞላ እፈራለሁ፣ አውሮፕላን ሲያርፍ እፈራለሁ፣ ባለቤቴ ከጉምሩክ ሥራው ሲዘገይ እፈራለሁ። የዚያን ቀን ፍርሃቴ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። እኔ ራሴ ጣልያንኛ እችል ነበር፤ ይህንንም የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በልጅነቴ ጎሬ ላይ ነው። ጣልያኖች ለወታደሮቻቸው በከፈቱት ሆስፒታል እናቴ ልብስ አጣቢ ነበረች። አባቴ ሞቷል፣ ሦስት ልጆች ነን፣ ሌላ የሚያበላን አልነበረም። የሚታጠበውን ልብስ የምትሰጠን አንዲት ነርስ ናት፤ የእያንዳንዱን ልብስ ስም በጣልያንኛ እየጠራችና እየቆጠረች ትሰጠናለች፣ አጥበን ስንመልስም አንድ በአንድ እየጠራች ትቀበለናለች። አንዲት ፎጣ የጎደለች ቀን እናቴ ላይ የደረሰውን አይቻለሁ። እሷ መጻፍ አትችልም፣ እኔም አልችልም። ስለዚህ እኔ ደብተሯ ሆንኩ። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ የሆስፒታሉን ልብስ ሁሉ ልክ እንደ ነርሷ አድርጌ መጥራት ቻልኩ። ቀስ በቀስም ወሬዋ፣ ቁጣዋና ቀልዷ ይገባኝ ጀመር። ጠላት የወጣ ዕለት እናቴ ጠርታኝ፣ ይችን ምላስ እዚሁ ጎሬ ቅበሪያት አለችኝ። ቀበርኳት። የአርበኛ ልጅ አግብቼ ጋምቤላ ወረድኩ፣ ልጆች ወለድኩ። ፊደል የቆጠርኩትም በኋላ ከእነሱ ደብተር ላይ ነው።

በሦስተኛው ዓመት በበጋ የልጄ ደብዳቤ መጣና ባለቤቴ አነበበልኝ። ጣልያንኛ የሚማሩት አራት ብቻ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ይሄ ትምህርት ለማን ይጠቅማል፣ ይዘጋ የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። መምህራኖቿ ደግሞ ጥቅሙን በሥራ እናሳያለን ብለው ተነሥተዋል። ጣልያን በነበረበት አገር ሁሉ፣ ከጣልያን ጋር ሠርቶ በጆሮው የተማረ ሰው አለና የእነሱን ንግግር በቴፕ ቀድተን እንመለስ ብለዋል። ሥራው ከሠመረ ትምህርቱ ይቀጥላል፤ ካልሠመረ አራቱም ሳይጨርሱ ወደ ሌላ ትምህርት ይበተናሉ። መጀመሪያ የሚመጡትም ጋምቤላ ነው፤ የመረጠችው ልጄ ናት።

ከተማው ይህን ሲሰማ ኮራ። የዩኒቨርሲቲ ሰው እኛ ጋ ሊማር ሲመጣ ያየነው ያኔ ነው። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ከጅማ የመጡት እስላም ባለሱቅ ሆኑ፤ የተማረ ሰው ጋምቤላ መጥቶ መሬት ላይ አይተኛም ብለው ከሱቃቸው ፍራሽ አወጡ። የክሊኒኩ ድሬሰር አጎበርና የወባ ኪኒን አመጣ። የጀልባው ሽማግሌ፣ አኙዋክ ናቸው፣ በየጠዋቱ ዓሣው ከእኔ ነው አሉ። እኔ የእንግዶቹን አንሶላ አጥባለሁ አልኩ። እጄ የለመደው ሥራ ነው፤ ማንም አልጠረጠረኝም።

ከአራቱ ተማሪዎች ጋር ሁለት መምህራን መጡ፤ አንዱ ያገራችን ሰው፣ አንዷ ጸጉሯ የሸበተ ጣልያናዊት። ሴትዮዋን ሸሸኋት። በአማርኛ "እንደምን አደሩ" ስትለኝ መሬት መሬት እያየሁ እመልሳለሁ። ልጄም እናቴ ዓይነ አፋር ናት እያለች ታስተባብልልኛለች።

ሥራው ገና ሲጀመር ተሰናከለ። የአውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤቱ በቅን ልቦና አንድ ክፍል ሰጣቸው። ጠረጴዛ አለ፣ ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ አለ፣ የሚረዳቸው ጸሐፊም አለ። ሰው ሲገባ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ይጠይቃል፤ ስም፣ ያባት ስም፣ በጠላት ጊዜ የት ነበርክ፣ ምን ትሠራ ነበር። እኛ አገር እንዲህ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ከሳሽ ነው ወይም ተከሳሽ ነው። መምህራኑ ይህን አላሰቡትም። የመጀመሪያው ቀን የገቡት ሁሉ አርበኛ ነበርን እያሉ ወጡ። ባለሱቁ ይህን ሲሰሙ፣ "ጋምቤላ ይህን ያህል አርበኛ ከነበራት ጣልያን በየት በኩል ገባ?" ብለው አሳቁን። በሦስተኛው ቀን ግን አንድም ሰው ደጁን አልረገጠም።

እኒሁ ባለሱቅ በወጣትነታቸው የጣልያን ካሚዮን ረዳት እንደነበሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ልጄ ሄዳ ለመነቻቸው።

"ልጄ፣ ፍራሽ ጠይቂኝ፣ ምሳ ጠይቂኝ" አሏት። "አፌን ግን ተይልኝ። ነጋዴ ነኝ፣ የምኖረው በአፌ ነው።"

የሚመለሱበት አውሮፕላን ሊመጣ ሁለት ቀን ቀረው። ልጄ ከምሳ በኋላ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ የቴፑን አቧራ በጨርቅ ትጠርጋለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "ባዶውን ይዤው ልመለስ ነው፣ እማዬ" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ገባሁ። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በጋዜጣ ራሱን ያራግባል። ብትቆጣም ቀስ ብለህ ተቆጣ፣ ልጅቷ ውጭ ናት አልኩት። ከዚያ ወጣልኝ።

"ጣልያንኛ እችላለሁ።"

ማራገቡን አልተወም። "አውቃለሁ" አለ።

እኔ ነኝ እንግዲህ ግድግዳ የያዝኩት።

"የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዘሽ ወባ የጣለሽ ጊዜ" አለኝ፣ "ሦስት ቀን ሙሉ በጣልያንኛ ስትቃዢ ነበር። ብርድ ልብሱን እያጣጠፍሽ ትቆጥሪያለሽ፣ ትዘረጊዋለሽ፣ እንደገና ትቆጥሪያለሽ። የልብስ አጣቢ ልጅ መሆንሽን ደግሞ ሳገባሽም አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልክ?"

"አንቺ ዝም ስላልሽ ነዋ።"

አባትህስ አልኩት። ያን ሁሉ ዓመት አንቆ የያዘኝ የእሳቸው ነገር ነበር። ባለቤቴ ጋዜጣውን አስቀመጠ።

"አባቴ የተዋጋው ከአጣቢ ጋር አይደለም" አለ።

ወጣሁ። ለልጄ፣ ያን መሣሪያሽን ይዘሽ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ነይ፣ መምህራንሽንም ጥሪ፣ ጸሐፊው ግን አይምጣ አልኳት። የእኔም ሆነ የማንም ስም አይጻፍ አልኩ። ልጄ ቴፑን አንሥታ መምህራኑን ጠራች። ያገራችን መምህር፣ ያለ ስም ጥናት እንዴት ይሆናል ብሎ አቅማማ። ጣልያናዊቷ ግን ስሙ ይቅር፣ ድምፁ ይበቃናል አለች።

በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ፣ ማይክሮፎኑን አፌ ሥር ያዙልኝ፣ የቴፑ ክር መዞር ጀመረ። እኔ ግን ደረቅሁ። አንዲት ቃል አልወጣ አለኝ። እጄ ባዶ ሲሆን አፌም ባዶ ሆነ። ብድግ ብዬ ከገመዱ ላይ የደረቀውን የእንግዶቹን አንሶላ አወረድኩና አንዱን ጫፍ ለሴትዮዋ ሰጠኋት። "እርስዎ እንደ ነርሷ ይቁሙልኝ" አልኳት። ቆመች። አጠፍኩና አስረከብኳት።

"ሌንዝዎሎ፣ ኡኖ" አልኩ፤ አንሶላ፣ አንድ ማለት ነው። "ሌንዝዎላ፣ ዱዌ።"

ከዚያማ ማን ያቁመኝ። የትራስ ልብሱ መጣ፣ ፎጣው መጣ፣ የሐኪሞቹ ጋዋን፣ የቁስለኛው ፋሻ። ነርሷ ፎጣ ሲጎድል የምትለው ቁጣ መጣ፤ ዝናብ ሲሆንና ልብስ አልደርቅ ሲል የምትሳደበው መጣ። መሐል ላይ ሴትዮዋ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። አንዷን ቃል ይድገሙልኝ አለች፤ ደገምኩላት። ይህች ቃል መጽሐፍ ውስጥ የለችም፣ አገሬ ያለች የባሕር ጠረፍ መንደር ቃል ናት፣ እኔ ራሴ ከአያቴ አፍ ብቻ ነው የሰማኋት አለችና ለተማሪዎቿ አስጻፈቻቸው። ልጄ ማይክሮፎኑን እንደያዘች አንዴ መምህርቷን፣ አንዴ እኔን ታያለች። እንዲያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

ቀና ስል አጥሩ በሰው ተሞልቷል። አሁን አንዱ "ባንዳ" ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። የጀልባው ሽማግሌ ዓሣቸውን እንዳንጠለጠሉ ቆመዋል። ዓሣውን ሣሩ ላይ አስቀመጡና ጥርሳቸውን እያሳዩ፣ እኔን ደግሞ ሸክም ላይ እንዲህ ነበር የሚሉኝ ብለው የጣልያኑን አለቃ ጩኸት ጮኹ። ያዝ፣ ልቀቅ፣ ቀስ በል፣ አንተ አህያ። የባሮ ወደብ ሁሉ የመጣ መሰለን።

ባለሱቁ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ትንሽ አዳመጡና በከዘራቸው ነካ አደረጉኝ።

"እትዬ፣ የእርስዎ እኮ የጨዋ ጣልያንኛ ነው" አሉኝ። "የኔ የሾፌር ነው። ሴቶቹ ዞር ካላሉልኝ አልናገርም።"

ሴቶቹ ዞር አላልንም። እሳቸውም ተናገሩ። መምህርቷ እየሳቀች ፊቷ ይብስ ቀላ፤ ልጄ ደግሞ ምኑ እንደሚያስቅ ስጠይቃት፣ "እማዬ፣ ይሄንንስ አትወቂው" አለችኝ። በማግስቱ ማንጎው ሥር ሰልፍ ሆነ። ግንበኛ የነበረ፣ ወጥ ቤት የነበረ፣ መንገድ ሥራ የነበረ፣ ሁሉም መጣ፤ ስም የጠየቀው የለም። አውሮፕላኑ ሲመጣ ባዶ ክር አልቀረም። ልጄ የክሮቹን ካርቶን ለጫኝ አልሰጥም ብላ በጉልበቷ ላይ አድርጋ ሄደች።

ክረምት ሳይገባ ደብዳቤዋ መጣ። ሥራው ታይቷል፣ ትምህርቱም ይቀጥላል፣ እነሱም ይጨርሳሉ፤ ለሚቀጥለው ዓመትም አዳዲስ ተማሪዎች ተመዝግበዋል። ባለቤቴ ደብዳቤውን ጉምሩክ ወስዶ ለባልደረቦቹ አነበበው፤ ይህን የነገረኝ እሱ ሳይሆን ዘበኛው ነው። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ፣ መምህርቷ ጠዋት ጠዋት የእኔን ክር በክፍል እንደምትከፍት፣ ተማሪዎቹም ከእኔ በኋላ እየደገሙ እንደሚሉ ልጄ ጽፋለች። ባለቤቴን ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ ሴት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አስተምራለሁ ማለት ነው፤ ደስታው ደረቴን ሞልቶት ምሳ አልበላ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ግን ፍርሃቴ ተመለሰ። የትራስ ልብሱን ከፎጣው በፊት ነው የጠራሁት ወይስ በኋላ? ነርሷ ሁልጊዜ የምትጠራው በፊት ነበር። ተሳስቼ ከሆነ ያ ሁሉ ልጅ ስሕተቴን ይዞ ሊቀር ነው። ሁለት ቀን አሰብኩና ለልጄ ጻፍልኝ የምለው ሰው ሳልፈልግ፣ በዚያ በተጣመመ ፊደሌ ራሴ ጻፍኩላት፤ ክሩን እንደገና ስሚው፣ ቅደም ተከተሉ ትክክል መሆን አለመሆኑን ጻፊልኝ አልኩ።

ትክክል ነው ብላ መለሰችልኝ።