መርሳን የከለከለችኝ ሚስቴ

በመርሳ ከተማ ዙሪያ ከእኔ እጅ ያመለጠ ብልሹ ሞተር የለም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደልን ከሳሙና ካርቶን ላይ ለቅሜ ተማርኩ። ሬዲዮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር ፈትቼ ገጥሜአለሁ። ገጥሜ ስጨርስ ብሎን ከተረፈኝ ስህተቱ የፋብሪካው ነው።

ይህን የምነግራችሁ፣ ሚስቴ ሆዷን ኦፕራሲዮን ሆና ወልድያ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትተኛ ምን ዓይነት አስታማሚ እንደነበራት እንድታውቁ ነው።

በማግስቱ ነቃች። ነገር ግን አልጋውን ሚኒባስ፣ እኔን ረዳት አድርጋለች።

«ረዳት! ውርጌሳ ላይ ወራጅ አለ!» ብላ የእጇን ቱቦ ልትነቅል ተነሳች።

«ቆይ፣ ውርጌሳ ገና ነው» አልኳት። በብልሃቴ ኮርቼ ዞር ስል ነርሷ ቆማለች።

«አባባ፣ እርስዎም ተሳፈሩ እንዴ?»

ከከባድ ሕመም በኋላ አእምሮ እንዲህ ይዋዥቃል አለችኝ። ስትቃዥ አብሮ መቃዠት የለም፤ የት እንዳለች በእርጋታ መንገር፣ መጋረጃ ገልጦ ብርሃን ማሳየት፣ ቀን ማጫወት፣ ሌሊት ማስተኛት ነው።

«መነጽሯስ የት አለ?»

እንዳይሰበር ብዬ ኪሴ ውስጥ ደብቄው ነበር።

«ታዲያ በምን ዓይኗ ትወቅዎት?»

«እንዲሁ ሆና ብትቀርስ?» አልኳት።

«እንዳትቀር ሥራ ይጀምሩ።»

መነጽሩን አድርጌላት የሕይወት ታሪኬን ጀመርኩ። አንቀላፋች።

«አባባ፣ መሥራት ያለበት የእሷ አእምሮ ነው እንጂ የእርስዎ ምላስ አይደለም! እንቆቅልሽ አያውቁም?»

ይህን እኔን ትጠይቃለች!

ቀኑን ሙሉ «እንቆቅልሽ» ስላት ዋልኩ። በነጋታው ጠዋት ግን ቀስ ብላ «ምን አውቅልህ» አለች።

«ዓይን ሳይኖረው የሚያሳይ?»

መልሱ አፍንጫዋ ላይ ተቀምጦ ሳለ አላወቀችውም። በደንቡ ደግሞ የተረታ አገር ይሰጣል።

«አገር ስጪኝ!»

«ውርጌሳን።»

«አይበቃኝም!»

«ግራናን ጨምሬልሃለሁ።»

«ግራናም ይቅር፤ መርሳን ስጪኝ!»

ቀና ብላ አፈጠጠችብኝ። «መርሳን? ቤቴን ሰጥቼህ የት ልገባ? ይልቅ አንተ ሽማግሌ፣ ዶሮዎቼን ማን እየመገበልኝ ነው?»

ነርሷ ሳቋን በማስኳ ሸፈነች። የዶሮዎቹን ነገር ሌላ ጊዜ እናወራለን ብዬ አለፍኩት።

እንግዲህ በዚያ ክፍል ያከናወንኩት ይህ ነው፦ መነጽር ወልውያለሁ። መጋረጃ ገልጫለሁ። ሌሊት በሰላም እንድትተኛ ጫጫታ የሚያበዙ ዘመዶችን፣ የገዛ እህቷን ጨምሮ፣ ከበር መልሻለሁ። ቀን እንዳታንቀላፋ አድርጌአለሁ፤ ታሪኬን ከነገርኳት ሰዓት በስተቀር። ነርሷንም በእንቆቅልሽ ረትቼ ቆቦን ተረክቤአለሁ። ሚስቴን ከነሙሉ አእምሮዋ፣ ከነሙሉ ምላሷ፣ ቤቷ አስገብቻለሁ።