አራተኛው ውሃ

«ጋሽ ስኳር» የተባሉት ጣፋጭ ሰው ስለሆኑ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የስኳር ትምህርት በደረሰ ቁጥር፣ ያችኑ ከረጢት በትከሻቸው አንጠልጥለው ስለሚመጡ ነው። ከረጢቷ ውስጥ አናጺ ወንድማቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠርቦ የሰጣቸው ባለ ስድስት ጎን እንጨቶች አሉ። እያንዳንዱ እንጨት አንድ ቀላል ስኳር ነው፤ በግራው «ኤች»፣ በቀኙ «ኦኤች» የተጻፈበት ካርቶን በክር ተንጠልጥሎበታል።

የዚያን ቀን ከኋላ ወንበር ርዕሰ መምህሯ ተቀምጣለች፤ ድሮ እዚሁ ክፍል ያስተማሯት ልጅ። ጠዋት ዓይኗን ጫማዋ ላይ ጥላ፣ «ጋሼ፣ መርሳት አብዝተዋል ይላሉ። ዛሬ ገብቼ ልይና ደህና ከሆነ ዓመቱን ይጨርሳሉ፤ ካልሆነ ግን…» ብላቸዋለች። ካልሆነ፣ ሰው ወደሌለበት ቤት መግባት ነው።

ሁለት እንጨት አነሱ።

«ስኳርና ስኳር እንዲያው አይያያዙም። ይህኛው ኦኤቹን ይለቃል፣ ያኛው ኤቹን፤ የተለቀቁት ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ። ሳይሰጡ መዛመድ የለም።»

ካርቶኖቹን ጣሳ ውስጥ ጥለው እንጨቶቹን በመንጠቆ አያያዙ። ሦስተኛ ቀጠሉ፤ አራተኛ።

«እንዲህ እያለ በሺህ ሲያያዝ፣ ድንች ውስጥ ያለው ስታርች ይሆናል።»

እጃቸው ግን እዚያ ላይ አላቆመም። በሁለቱ ዳር የቀሩትንም ካርቶኖች ነቅለው ጣሳው ውስጥ ጨመሩ።

«ስንት ውሃ ወጣ?»

«ሦስት!» አለ ክፍሉ።

«አራት! አራት ስኳር፣ አራት ውሃ።»

ፊት የተቀመጠች ባለ መነጽር ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ መገናኛው እኮ ሦስት ነው። የዳሮቹን ማን ተቀበላቸውና?»

«ጋሽ ስኳር ሟሙ!» አለ አንዱ ከመሀል፤ ሳቅ ሆነ።

ሰንሰለቱን አንስተው አዩት። ሁለቱ ዳሮች ማንም ሳይይዛቸው ያላቸውን ሰጥተው ባዷቸውን ቀርተዋል።

«ልክ ነሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ።

ካርቶኖቹን ሊመልሱ ሞከሩ፤ ክሩ አልገባ አላቸው። ርዕሰ መምህሯ ተነሥታ መጥታ ሰቀለችላቸው። በልጅነቷም ሰቅላ ታውቃለች። ቀና ሳትል፣ ለእሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«ጋሼ… እንጨቶቹን ለእኛ ይተዉልን ይሆን?» አለች።

ገባቸው።

«ወንድሜ ነው የሠራቸው» አሉ። «እርጥበት አይወዱም።»

ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ከኪሳቸው የጠመኔ ስባሪ አውጥተው አጠገቧ አስቀመጡና ደወሉን ሳይጠብቁ ወጡ። ኮሪደሩ መጨረሻ ሲደርሱ ትከሻቸውን ዳበሱ። ከረጢቷን የረሱ መስሏቸው ፈጠን ብለው ዞሩ፤ ከዚያ ትዝ አላቸው።