ትርንጎ ያሰቀለችው መብራት

ልጅ እያለሁ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ገና ሲቃረብ ቤታችን ቄጠማና እርጥብ ጭቃ ይሸት ነበር። እማዬ ለበዓሉ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ትመርጋለች፤ ሲደርቅ እኔና ታላቅ እህቴ ትርንጎ ዱቄት በጥብጠን ጋዜጣ እንለጥፍበታለን። ጌጣችን እሱ ነበር። አባዬ አናጢ ነው፤ ቁጥብ፣ ቅዳሴ የማያስታጉል ሰው። ሰው ቤት የተሰቀለ መብራትና ፊኛ ባየ ቁጥር፣ «ለጌታ ልደት ቄጠማው መቼ አነሰና?» ይላል። እኛም ከዚያ በላይ አንጠይቅም።

ሱዚ ሲዘለል በሰፈራችን ትርንጎን የሚስተካከላት አልነበረም። ሰባተኛ ክፍል በገባች ዓመት ግን የትምህርት ቤቱን ዳገት መውጣት ከበዳት። መጀመሪያ መንገድ ላይ አረፍ ማለት ጀመረች፤ ኋላ ቦርሳዋን እኔ ያዝኩላት፤ ጥቂት ቆይታ ጭራሽ ቀረች። እግሯ አበጠ። ሆስፒታል ስንወስዳት ልቧ መታመሙን ነገሩን፤ ስሟን አዲስ አበባ ልከናልና ወረፋ ጠብቁ ተባልን። ጠበቅን። ታኅሣሥ ሲገባ ጋደም ማለት እንኳ አቅቷት፣ ትራስ ተደራርቦላት ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው።

አንድ ቀን ከሰዓት አባዬ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ጠራችው።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ለገና ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አይደል?»

«ለምን አትሄጂም? አዝልሻለሁ።»

«ይበርደኛል። ይልቅ እድሪስ ሱቅ መስኮት ላይ ያለውን ዓይነት መብራት እዚህ ስቀልልኝ።»

እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች። እኔ የአባዬን ቁጣ ጠበቅሁ። እሱ ግን ያወለቀውን ጫማ መልሶ አደረገና ወጣ።

እድሪስ የሰፈራችን ባለሱቅ ነው። ሙስሊም ስለሆነ ገናን አያከብርም፤ መብራቱን የሚሰቅለው ለገበያው ነበር። አባዬ ለማን እንደፈለገው ሲነግረው ከመስኮቱ አውርዶ ጠቅልሎ ሰጠው። «ጥምቀት ሲያልፍ ትመልሰዋለህ። እስከዚያ ልጅቷ ትየው» አለው። በማግስቱ አባዬ ገሳይ ወደምትባለው የገጠር ከተማ ለሥራ ሄዶ ሲመለስ የጥድ ቅርንጫፍ በትከሻው ተሸክሞ መጣ።

ትርንጎ ትራሷን እንደተደገፈች አዘዘችን። ከከረሜላ ልጣጭ አበባ ሠራን፤ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣው ብርማ ወረቀት ኮከብ ቆረጥን። እማዬ ልትፈትለው ያስቀመጠችውን ባዘቶ በትንሽ በትንሹ እየነጨን ቅርንጫፉ ላይ በተንነው።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አባዬ።

«በረዶ» አለችው።

«በረዶ? ያ ገብሱን የሚያወድመው? ምኑ ደስ ብሏችሁ ነው ቤት የምታስገቡት?»

ትርንጎ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም አልቆም አላት። እማዬ ደረቷን ደግፋ ያዘቻት። ሲያልፍላት፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ «በግራ በኩል ከፍ አድርገው» አለች። አባዬ በርጩማ ላይ ቆሞ ሽቦውን ከራስጌዋ እስከ በሩ በሚስማር ወጠረው። ሲሰካው ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው ብልጭ ድርግም እያለ በጋዜጣው ግድግዳ ላይ ተረጨ። ፊቷ ላይም ተረጨ። የከንፈሯ ጥቁረት በዚያ ብርሃን አይታይም ነበር። እማዬ መብራቱ እንዳይጠፋ ትለምነን የነበረው ለዚህ ይመስለኛል።

ገናን እንዲህ ዋልን። ጥምቀት ሳይደርስ፣ አንድ ማለዳ፣ ትርንጎ እንደተቀመጠች አረፈች። ያወቀችው እማዬ ናት፤ ቁርሷን ይዛላት ስትገባ።

ካለፈው ቀን ጀምሮ በከተማው መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጌጡን ማንም ልብ አላለውም። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ጎረቤት አግዳሚ ወንበር አመጣ። የአባዬ ታላቅ ወንድም ከገጠር ደረሱ። ቤቱ በሰው ታጭቆ፣ ትርንጎ በነጭ ተሸፍና፣ እማዬ ስሟን እየጠራች ስታለቅስ፣ መብራት መጣ። ከራስጌዋ እስከ በሩ የተወጠረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦግ አለ። ልቅሶው ተቋረጠ።

አጎቴ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ምን ጉድ ነው! ሬሳ ባለበት ቤት! ነውር አይደለም እንዴ?» ብለው ሽቦውን ጨበጡት።

«አይንኩት!»

እማዬ ነበረች። አጎቴን ቀና ብላ አይታቸው እንኳ አታውቅም። አሁን ግን ተነሥታ እጃቸውን ያዘች። «አይንኩብኝ። ልጄ ናት ያሰቀለችው።»

አጎቴ ወደ አባዬ ዞሩ፤ እንዲቆጣት መፈለጋቸው ነበር። አባዬ መጥቶ ከእማዬ ጎን ቆመ።

«ጋሼ፣ ይተዉት» አለ። «እኔ ነኝ የሰቀልኩላት።»

አጎቴ ሽቦውን ለቀቁት። ትርንጎ ከቤት እስክትወጣ ድረስ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን አላቆመም። ተሸካሚዎቹ በሥሩ ጎንበስ ብለው አሳለፏት።

አርባዋ ከወጣ በኋላ አባዬ መብራቱን አውርዶ ለእድሪስ ሲመልስለት አብሬው ነበርኩ። እድሪስ ተቀብሎ ከባንኮኒው ሥር አስገባው። «አላህ ያጽናህ» አለው። በሚቀጥለው ገና የሱቁ መስኮት ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህም ሰቅሎበት አላየሁም።

ዛሬም እዚያው ደብረ ታቦር ነኝ። ገና ሲደርስ የፕላስቲኩ ዛፍ በየሱቁ ደጃፍ ይደረደራል፤ ልጆቻችን ባዘቶ ምን እንደሆነ አያውቁም። አባዬ አርፏል። እማዬ ከእኔ ጋር ናት። ልጄ ገና ትንሽ ሳለ ጉሮሮውን አሞት ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን። ነርሷ መርፌ ከወጋችው በኋላ በጊዜ መምጣታችን ጥሩ እንደሆነ ነገረችን፤ እንዲህ ያለው ሕመም ሳይታከም ሲመላለስ ልብ ድረስ ዘልቆ ሊጎዳ ይችላል አለችን። ቤት ስንደርስ እማዬ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠችና፣ «ትርንጎን ጉሮሮዋን ሲያማት እኮ ጤና አዳም ነበር የምጨምቅላት» አለች።

«ማን ነግሮሽ ነበርና፣ እማዬ?» አልኳት።



ባለፈው ገና እኔና ልጄ ሳሎን ውስጥ መብራት እየሰቀልን ነበር። እሱ ወንበር ላይ ቆሟል፤ እኔ ከታች አቀብለዋለሁ። እንደ ዘበት፣ «እማ፣ ስውጥ ጉሮሮዬን ያመኛል» አለኝ። ትንሽ ነው የቀረን፤ ይህቺን እንጨርስና እንሄዳለን ልለው ስል ዞር አልኩ። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ የማትነሣው እማዬ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተይው መብራቱን» አለችኝ። «ልጁን አውርጂው።»