ለለስላሳውም ለጠጣሩም የሚሆን ስኪ

ሱቁ ውስጥ ልጄና እኔ ጎን ለጎን ቆመን፣ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ግድግዳውን እናይ ነበር። ስኪዎቹ፣ እግር ላይ ታስረው የበረዶ ቁልቁለት የሚንሸራተቱባቸው ረዣዥም ጣውላዎች፣ ከጠባቡ ጀምሮ እስከ ሰፊው ተደርድረዋል። እሷ ዐይኗን ከሰፊዎቹ አልነቀለችም። እኔ ደግሞ ከጠባቦቹ ፊት አልተነሳሁም። ከምኖርበት ከላንድማርክ ተነስቼ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሷ ቤት አጠገብ ያለው ሱቅ ድረስ የመጣሁት አብረን እንድንመርጥ ነበር። ገና ከመግባታችን ግን ተኳርፈናል።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስኪ የጀመርኩት በርክ እንኖር በነበረበት ጊዜ፣ ልጄ ሃይስኩል እያለች ነው። ትምህርት ቤቷ ልጆቹን ፔንሲልቬንያ ወዳለው ተራራ ይወስድ ነበርና እኔም አጃቢ ወላጅ ሆኜ እሄዳለሁ። አንድ ሙሉ ዊንተር ተራራው ሥር ባለው ማረፊያ ተቀምጬ የልጆቹን ጃኬት ስጠብቅ ከረምኩ። በሁለተኛው ዊንተር መቀመጡ ሰለቸኝና ጫማና ስኪ ተከራይቼ ወጣሁ። አባቷ ሲሰማ «በዚህ ዕድሜሽ እግርሽን ልትሰብሪ ነው?» አለኝ። አልተሰበርኩም። ወደቅሁ፣ ተነሳሁ፣ ደግሞ ወደቅሁ፣ እያደር ለመድኩት። ሳምንቱን ሙሉ የሆስፒታል አልጋ ስትገፋ ለምትውል ሴት፣ ከተራራ ላይ በነፋስ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ላልቀመሰው ሰው ማስረዳት አልችልም።

የእኛ አገር ስኖው ግን፣ «የእኛ አገር» ስል ፔንሲልቬንያና ዌስት ቨርጂኒያ ማለቴ ነው፣ ክፉ ነው። ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ይረጋል። ጠዋት ላይ ማሽን እየፈጨ ይደለድለዋል፣ እስከ ምሳ ድረስ ደህና ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሲመላለስበት ከሥሩ ጠጣሩ በረዶ ብቅ ይላል። እዚያ ላይ ሰውን የሚይዘው የስኪው ጠርዝ ብቻ ነው። ጠርዙ ካልነከሰ እንደ ሳሙና መንሸራተት ነው።

ልጄ ግን ዩታ ልትወስደኝ አስባለች። እዚያ ስኖው ሲጥል እንደ ዱቄት የላላ ነው፤ «ፓውደር» ይሉታል። ጠባብ ስኪ ያደረገ ሰው ይሰምጥበታል። ለራሷ ቀደም ብላ ከሁሉ ሰፊ የሆነውን ገዝታለች። እኔም እንደሷ እንድገዛ ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ሁለት ጥንድ ስኪ የማስቀምጥበት ቤት የለኝም፤ በዓመት አንዴ ለማየው ስኖው ብዬ ዊንተሩን ሙሉ በበረዶ ላይ ልሰቃይ አልፈለግሁም። አንድ ስኪ ነው የምገዛው፣ እሱም ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

ሻጩ ጢማም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። የትኛውን እንደምንፈልግ አልጠየቀም። «አብዛኛውን ጊዜ የት ነው የምትውዪው?» አለኝ።

«በረዶ ላይ» አልኩት።

«ዩታ ስንሄድ ግን ፓውደሩ እስከ ወገብ ነው» አለች ልጄ ቀድማ። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ «እማ፣ ትሰምጫለሽ። ሲሪየስሊ» አለችኝ።

«እዚህ ደግሞ በአንቺ ምርጫ አጥር ላይ እለጠፋለሁ።»

ሻጩ መሃል ላይ ከቆሙት አንዱን አወረደ። ከእግር ሥር ያለው ወገቡ መቶ ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከልጄ ይጠባል፣ ከእኔ አሮጌ ስኪ ይሰፋል። አፍንጫው ለስላሳና ቀና ያለ ስለሆነ ከስኖው በላይ ይወጣል አለ። ከእግር ሥር ግን ቅስት ነው፣ ውስጡም ብረት ስላለበት ጠንካራ ነው። «ሰፊ ስኪ ይንሳፈፋል፤ ግን በጠርዙ ለማቆም ጊዜ ይፈጃል፣ ዋጋውን የሚከፍለው ጉልበት ነው። ይሄ የሁለቱንም ሙሉውን አይሰጥሽም። ከሁለቱም የሚበቃሽን ይሰጥሻል» አለኝ። ከዚያ ልጄንና እኔን ተራ በተራ አየና «ሰፊውንም ይሄንንም ለሙከራ ውሰዱ። ተራራው ይፍረድ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ፔንሲልቬንያ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሬዲዮ ብቻ ነበር የሚያወራው። እሷን ለማስደሰት ሰፊውን አስቀደምኩ። በለዘብተኛው ቁልቁለት ላይ ደህና ነበር። ቁልቁለቱ ሲጠነክር ግን ለመታጠፍ ባዘነብል ስኪው እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋውን ቀረ። ሰከንድ ዘግይቶ አዘነበለ፣ ወዲያው ደግሞ ለቀቀኝ። በጎኔ ተንሸራትቼ የዳር መረቡ ላይ ቆምኩ። ዳሌዬ ነደደ። ልጄ ከላይ እየጠራችኝ ወረደች፤ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። «አይ አም ሶሪ» አለች።

መካከለኛውን አድርጌ በዚያው መንገድ ወረድኩ። ይከብዳል። ሲታጠፍ ግን በረዶው ላይ ክርር የሚል ድምፅ አሰማ፣ ነከሰ፣ ያዘኝ። እዚያው ወሰንኩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «እማ፣ ስለፈራሽ ነው የመረጥሽው» አለችኝ።

«አዎ፣ ስለፈራሁ ነው» አልኳት። ሰፊውን ሱቁ መልሰን መካከለኛውን ገዛሁ፤ ኩርፊያችን ግን አልበረደም።

ዩታ በደረስን ማግስት ስኖው ሲጥል አድሮ ነጋ። ከመውጣታችን በፊት ልጄ ሆቴል ውስጥ በስልኳ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ትልልቅ ጥዶች ሥር ቅርንጫፉ ስኖውን ስለሚከለክል የተሸፈነ ጉድጓድ ይኖራል። ሰው በጭንቅላቱ ከገባበት ብቻውን አይወጣም፤ በላዩ ያለው ስኖው ይደረመስበታል። የሚያወጣው ሰው እግሩን መጎተት የለበትም፤ በጎን በኩል ወደ ፊቱ መቆፈር ነው። «እንግዲያው ዛፍ ውስጥ ለምን እንገባለን?» አልኳት። «አንገባም። ዳር ዳሩን ነው» አለች። «ከዐይኔ እንዳትርቂ» አልኳት። እሺ አለች።

ተራራው ላይ ስንወጣ መጀመሪያ ላይ ስኪዬ ጠፋኝ፤ እግሬ ከጉልበቴ በታች አይታይም። ወደ ኋላ ስደገፍ ጭራሽ ሰመጥኩ። መሃል ላይ ቀጥ ብዬ ስቆም አፍንጫው ብቅ አለ፤ እኔም አብሬው ወጣሁ። እሷ ከፊቴ እንደ ጀልባ ትሄዳለች። ትንሽ ትወርድና ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ስደርስባት ደግሞ ትቀጥላለች። ደስ ብሏት ነበር። ሳቋ ይሰማኛል። ኩርፊያው ያለቀ መሰለኝ።

ከምሳ በፊት ከዳሩ ወደ ዛፎቹ ጥቂት ገባ አለች። ቢጫ ጃኬቷን በግንዶቹ መሃል አየሁት፣ ጠፋ፣ አየሁት፣ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አልታየም።

ጠራኋት። ያን ያህል ስኖው ሲጥል ድምፅ አይሄድም፤ አፌ ላይ ይቀራል። ዱካዋን ይዤ ወረድኩ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ትልቅ ጥድ አጠገብ አለቁ። አንድ ስኪ ጭራው ወደ ሰማይ ተተክሎ ቆሟል። ሌላ ምንም የለም።

ፍጥነቴን አልቆረጥኩም ነበርና አልፌያት ወረድኩ። ከጥዱ በታች ቆሜ ስኪዬን ላወልቅ እጄ ጫማዬን ከስኪው የሚያያይዘው ማሰሪያ ላይ ደረሰ። አንዱን እግሬን ሳወጣ እስከ ብብቴ ገባሁ። ያኔ ገባኝ፤ ያለ ስኪ ከቆምኩበት አልነቃነቅም። መልሼ አደረግሁት፤ ጫማው ሥር ስኖው ገብቶ አልያዝ አለኝ፣ በጣቴ ጠረግሁት፣ ያዘ። በጎን በጎን እየረገጥኩ ወደ ላይ ወጣሁ። ስኪው ተሸከመኝ። ጠባቡን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን እስከ ዛሬ አስቤ አልጨርሰውም።

እግሯ ታየኝ። የመጀመሪያ ፍላጎቴ እግሯን ይዞ መሳብ ነበር፤ እጄ እስከ መጨበጥ ደርሶ ነበር። ቪዲዮው ትዝ አለኝ። ተውኩት። በጎኗ ተንበርክኬ፣ ጭንቅላቷ ይሆናል ባልኩት በኩል በሁለት እጄ መቆፈር ጀመርኩ። ስኖው ያወጣሁትን ያህል ተመልሶ ይገባል። እጮህ ነበር፤ ምን እንደምል አላውቅም። ጓንቴ ወለቀ፣ አልፈለግሁትም። ጀርባዋን አገኘሁ፣ ከዚያ ሄልሜቷን። ሄልሜቷን ተከትዬ ፊቷ ላይ ደረስኩ። ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር፤ አፏ በስኖው ተሞልቷል። በጣቴ ጠርጌ አወጣሁት።

ምንም አልሆነም። ደግሜ ጠረግሁ። «ልጄ፣ ተንፍሺ» አልኳት። ሳለች። ትውከት የሚመስል ሳል ሳለች፣ ከዚያ በረዥሙ ትንፋሽ ሳበች፣ ከዚያ «እማ» አለች።

በአጠገቡ ሲያልፉ ጩኸቴን የሰሙ ሁለት ሰዎች በላይ በኩል መጡ፤ አንዱ ስልክ ደወለ፣ ሌላው ከእኔ ጋር ቆፈረ። የተራራው ነፍስ አድን ሠራተኞች ሲደርሱ ልጄ ተቀምጣ ነበር፤ ትከሻዋን ግን ማንቀሳቀስ አልቻለችም። በስኖው ላይ በሚጎተት አልጋ ላይ አስረው ብርድ ልብስ አለበሷት። አንዷ ሠራተኛ ወደ እኔ ዞራ «መከተል ትችያለሽ? መንገዱ ነፋስ የጠረገው ነው፤ በጣም ጠጣር ነው» አለችኝ።

«እችላለሁ» አልኩ። ጓንቴን ከስኖው ውስጥ አውጥቼ አደረግሁ።

መንገዱ ማሽን የደለደለው ነበር፤ ላዩን ነፋስ ወስዶት እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ቁልቁለቱ ከፔንሲልቬንያው ይብሳል። አልጋውን የሚጎትተው ሰው ከፊቴ ወረደ፣ የልጄ ሄልሜት በብርድ ልብሱ ጫፍ ይታየኛል። ከሄልሜቱ በስተቀር ሌላ ነገር አላየሁም። ስኪዬ በያንዳንዱ መታጠፊያ ክርር ይላል፣ አንዳንዴ ይለቅና መልሶ ይይዛል። ሁለቴ ልወድቅ ደርሼ ተረፍኩ። ብወድቅ እሷ ከእኔ እየራቀች ትሄዳለች፤ የፈራሁት እሱን ብቻ ነበር። ታች ስንደርስ ከአልጋው ጎን ቆምኩ።

ክሊኒኩ ውስጥ ትከሻዋ ተዛንፎ እንጂ አጥንት እንዳልተሰበረ ነገሩን። ኦክስጅን አድርገውላት ለብዙ ሰዓት አቆዩዋት። እጄን ይዛ ኮርኒሱን ስታይ ቆየችና፣ «ስትቆፍሪ ይሰማኝ ነበር» አለች።

«ምን እል ነበር?»

«ስሜን። ደግሞ እመቤቴን ትቆጪያት ነበር።» ሳቀችና ትከሻዋ አሟት አቋረጠች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ፀጉሯ ውስጥ የቀረውን ውሃ በፎጣ አደረቅሁላት።

ስልኬ ጠራ፤ አባቷ ነበር። ውሎ እንዴት ነው ብሎ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ይደውላል። ምን እንደምለው ሳስብ፣ በደህናው እጇ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስለት ልጅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሁሉንም በአማርኛ ነገረችው።  ከዚያ «እናትሽን ስጪኝ» አለ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«እህል ቀምሳችኋል?» አለኝ።

«ገና ነን።»

«ብሉ እንግዲህ» አለና ዘጋው።

የቀረውን ጊዜ በሆቴሉ አሳለፍነው። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ልጄ ክንዷን በጨርቅ አንግታ፣ «አንዴ ውጪ። ተራራው ላይ ሳትወጪ ወደ ቤት ከተመለስሽ ሁለተኛ አትሞክሪውም» አለችኝ። ብቻዬን አልወጣም አልኳት። «የተደለደለውን ብቻ ሂጂ፤ ከታች ሆኜ አይሻለሁ» አለች። ወጣሁ። ቀስ ብዬ፣ ሰፋ አድርጌ እየታጠፍኩ፣ ዛፎቹ ወዳሉበት በኩል ሳላይ ወረድኩ። ሰው ወደ ላይ ከሚያወጣው ሊፍት ሥር ቆማ አገኘኋት።

«ትደግሚያለሽ?» አለችኝ።

«በቃኝ» አልኳት። አንዱን ስኪ እሷ በደህናው እጇ ያዘች፣ ሌላውን እኔ ያዝኩ፣ ምሳ ልንበላ ገባን።